ከፋውንዴሽንስ ስብስብ ጠንካሮቹ ካርዶች የትኞቹ ናቸው? ከቅዳሜው ድራፍት በፊት እንነጋገርበት

ጦሳ ሥር (ደሴ) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ተሰብስበን ስለከፈትነው፣ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ስለተባለው የካርድ ጨዋታ የፋውንዴሽንስ ሣጥን እጽፋለሁ ብዬ ነበርና ይኸው። ላልነበራችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ሣጥኑ 36 ፓኬት ነበረው፤ በእያንዳንዱ ፓኬት ውስጥ ደግሞ 14 ካርድ። ከደሴ ሦስት፣ ከኮምቦልቻ ሦስት ሆነን ስድስት ስድስት ፓኬት ተካፈልን፤ ከዚያም እያንዳንዳችን ከደረሰን ካርድ የ40 ካርድ ዴክ (የየራሳችንን መጫወቻ ጥቅል) ሠርተን ተጫወትን። ሌላ ሣጥን የሚያመጣልን ሰው መቼ እንደሚገኝ ስለማናውቅ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ካርዶቹን በሙሉ ቀላቅለንና በውዘን፣ አንድ አንድ እየመረጥን በድራፍት እንደገና እንጫወትባቸዋለን። ስብስቡ የወጣው በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15፣ 2024) ስለሆነ ሌላው ዓለም ብዙ ተጫውቶበታል፤ ለእኛ ግን አዲስ ነው። አሳታሚው ቢያንስ እስከ 2029 ድረስ በስታንዳርድ (በቅርብ ዓመታት የወጡ ስብስቦች በሚፈቀዱበት) ውድድር እንደሚቆይ ስላስታወቀ፣ አሁን ጊዜ ሰጥተን ብናጠናው ድካማችን በከንቱ አይቀርም።

ለመነጋገር የፈለግሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጠንካሮቹ ካርዶች የትኞቹ ናቸው? ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ማታ ወደየቤታችን ስንለያይ አንዳንዶቻችሁ «እጅግ የበረቱትን ከክምሩ እናውጣቸው» ብላችኋል፤ ይህ ተገቢ ነው ወይ?

እኔ አንድን ካርድ የምመዝነው ሁለት ጥያቄ በማቅረብ ነው። ተጋጣሚዬ ወዲያውኑ ቢያስወግደው በእጄ ወይም በሜዳዬ ምን ይቀረኛል? እሱን ለማስወገድስ ተጋጣሚዬ እኔ ካወጣሁት ማና (ካርድ ለመጥራት የሚከፈለው) በላይ ያወጣል ወይስ በታች? ይህን ያስተማረኝ ቅዳሜ የደረሰብኝ ነገር ነው። ትዊንፍሌም ታይራንት የተባለው ባለ 5 ማና ቀይ ድራጎን ደርሶኝ ነበር። 3/5 የሆነ (ኃይሉ 3፣ ጽናቱ 5) በራሪ ፍጡር ነው፤ የኔ የሆነ ማንኛውም ምንጭ በተጋጣሚና በንብረቱ ላይ የሚያደርሰውንም ጉዳት እጥፍ ያደርጋል። በእውነት የሚያስፈራ ካርድ ነው። አምስተኛው ተራ ላይ ሜዳ አስገባሁት። ተጋጣሚዬ በሜዳው የነበረችው በ1 ጥቁር ማና ያወረዳት ኢንፌስቴሽን ሴጅ ብቻ ነበረች፤ 1/1 የሆነች፣ ስትሞት 1/1 በራሪ ነፍሳት ትታ የምታልፍ። በተራው እሷን መሥዋዕት አድርጎ ኢትን አላይቭን በ1 ማና ጠራ፤ ድራጎኔም ከጨዋታው ውጪ ሆነ። በዚያች ተራ እኔ 5 ማና ከስሬ ባዶዬን ስቀር፣ እሱ 1 ማና አውጥቶ በራሪ ነፍሳት ተረፈችለት፤ በቀሩት ማናዎቹም ሌላ ፍጡር ጨመረ። ያቺ ነፍሳት ቀስ በቀስ ስድስት ሕይወት ወሰደችብኝ፤ ጨዋታውን የተሸነፍኩትም በሁለት ሕይወት ነው።

ስለዚህ የኔ ሚዛን ከፍ የሚያደርጋቸው ርካሽ ማስወገጃዎችንና ገና ሜዳ ሲገቡ ሥራቸውን የሚሠሩ ፍጡራንን ነው። በቀዳሚነት የማስቀምጠው በርስት ላይትኒንግን ነው። በ1 ቀይ ማና 2 ጉዳት ያደርሳል፤ ተጨማሪ 4 ማና ለከፈለበት ሰው ደግሞ 4 ጉዳት። ጨዋታው ሲጀመርም ሲያልቅም እጅ ላይ ቢገኝ የማይጠላ ካርድ ነው። ከእሱ ቀጥሎ በ1 ጥቁር ማና ለአንድ ፍጡር −2/−2 የሚሰጠው ስታብ፣ ቀጥሎም ኢትን አላይቭ ይመጣሉ። ከፍጡራን ደግሞ በ2 ማና ገብታ አንድ ካርድ የምታስስበው ሄልፕፉል ሀንተር፣ በ2 ማና ገብታ ተጋጣሚን አንድ ካርድ የምታስጥለው በርግላር ራት፣ እንዲሁም በ4 ማና ገብቶ የተጋጣሚን ፍጡር ወደ እጁ የሚመልሰው ቢግፊን ባውንሰር አሉ። ሁሉም ኮመን (በብዛት የሚገኙ) ናቸው። ከእያንዳንዱ ፓኬት ስድስት ወይም ሰባት ኮመን ሲወጣ፣ ሚቲክ (እጅግ ብርቅ የሆነው) ግን ሰባት ስምንት ፓኬት ተከፍቶ አንድ ቢገኝ ነው። ጨዋታችንን የሚወስኑት ደጋግመን የምናገኛቸው ካርዶች ናቸው።

እስቲ እናንተ ደግሞ ቀጥሉ።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ማስወገጃዎቹ የጻፍከውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ከሣጥኑ ሁሉ የበረታውን ካርድ ስሙን እንኳ ሳታነሣ አልፈኸዋል፤ ሳየር ኦፍ ሰቨን ዴዝስ። ለማያውቁት ልግለጽ። 7 ማና የሚጠይቅ 7/7 ፍጡር ነው፤ ቀለም ስለሌለው ደግሞ በማንኛውም ዴክ ይገባል። ሰባት ችሎታ አለው። ቀድሞ ይመታል፤ ሲያጠቃ አይጋደምም (አጥቅቶም መከላከል ይችላል)፤ ለመከልከል ቢያንስ ሁለት ፍጡር ያስፈልጋል፤ የተረፈው ጉዳት ወደ ተጫዋቹ ያልፋል፤ በራሪን ይከላከላል፤ ባደረሰው ጉዳት ልክ ለባለቤቱ ሕይወት ይጨምራል፤ በመጨረሻም ተጋጣሚ በድግምት ሊነካው ከፈለገ 7 ሕይወት መክፈል አለበት፤ ያለዚያ ድግምቱ ይመክንበታል።

አሁን በራስህ ሚዛን እንመዝነው። ወዲያውኑ ቢወገድ ምን ይቀረኛል ላልከው፣ ተጋጣሚዬ ከ20 ሕይወቱ 7 ይከፍላል፤ ይህ ቀሪ አይደለምን? ከበርስት ላይትኒንግ የሚበልጥ ጉዳት እኮ ነው። ማስወገጃ የሌለው ሰው ደግሞ በአንድ ጥቃት ብቻ በሁለታችን መካከል የ14 ሕይወት ልዩነት ይፈጠርበታል። ቅዳሜ ዕለት ሳየር ሜዳ በገባልኝ ጨዋታ ሁሉ አሸንፌአለሁ። በበኩሌ፣ ከክምሩ የሚወጣ ካርድ ካለ ይህ ብቻ ይሁን።

መምህሩ (ደሴ) — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። ቦርከና ማዶ «ሜዳ በገባልኝ ጨዋታ ሁሉ አሸንፌአለሁ» ያልኸው እውነት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ሆኖም ልንቆጥረው የሚገባን ሜዳ ያልገባበትንም ጨዋታ ጭምር ነው። አብዛኞቻችን በ40 ካርድ ውስጥ 17 ላንድ (ማና የሚሰጡ ካርዶች) እናስገባለን። የመጀመሪያውን ተራ የሚጀምር ሰው በሰባት ካርድ ጀምሮ በመጀመሪያ ተራው ካርድ ስለማይስብ፣ ሰባተኛ ተራው ላይ ሲደርስ ያየው 13 ካርድ ነው። ከ13ቱ ውስጥ ሰባት ወይም ከዚያ በላይ ላንድ የማግኘት ዕድሉን በእርጋታ ተቀምጬ አሰላሁት፤ 25 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛ የሚጫወተው ሰው 14 ካርድ ስለሚያይ ዕድሉ ወደ 35 በመቶ ከፍ ይላል። ቀድሞ የጀመረው ሰው ዕድሉ ከግማሽ በላይ የሚሆንለት አሥረኛው ተራ ላይ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ሳየር በመክፈቻ እጅህ ከመጣ፣ ከአራት ጨዋታ በሦስቱ ሰባተኛው ተራ ደርሶም ልትጠራው የማትችለው ካርድ ይዘህ ተቀምጠሃል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በስድስት ካርድ ነው የምትጫወተው።

ይህን ስል ካርዱ ደካማ ነው ማለቴ አይደለም። ስድስት ሰባት ተራ ዴክህ ካቆየልህ ከየትኛውም ይበልጣል። ጥንካሬው ግን የራሱ ብቻ አይደለም፤ እስከዚያ የሚያደርሱት ርካሽ ካርዶች ጥንካሬ ነው። ላኖዋር ኤልቭስ ከ1993 ጀምሮ፣ ማለትም ጨዋታው ከተወለደበት ዓመት አንሥቶ፣ እስካሁን የሚፈለገው ስለዚሁ ነው። በመጀመሪያው ተራ በ1 አረንጓዴ ማና ወርዶ ከሁለተኛው ተራ ጀምሮ አንድ ማና ይጨምራል። ሆኖም በዘጠነኛው ተራ የሚሳብ ላኖዋር ኤልቭስ 1/1 ፍጡር ብቻ ስለሆነ፣ ጦሳ ሥር ለበርስት ላይትኒንግ የሰጠውን ቦታ ልሰጠው አልችልም።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ) — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

መምህር፣ ስሌቱን ስላካፈሉን እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ሳየርን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሰባት ሕይወት የሚያስከፍለው ችሎታ የሚነሣው በእሱ ላይ ያነጣጠረ ድግምት ወይም ችሎታ ሲኖር ነው። ደይ ኦፍ ጀጅመንት ግን በማንም ላይ አያነጣጥርም፤ በ4 ማና በሜዳ ያለውን ፍጡር ሁሉ ያጠፋል፤ ስለዚህ ሳየርን ያለ ምንም ክፍያ ይወስደዋል። ሰማያዊ የሚጫወት ሰው ደግሞ በ3 ማና ሪፊውትን ይዞ ከጠበቀ፣ ሳየር ገና ሲጠራ ይመክናል፤ ሜዳ ስላልገባም ክፍያው አይመለከተውም። ሪፊውት በዚያው ላይ አንድ ካርድ ስቦ አንድ ያስጥላል። በክምራችን አንድ ደይ ኦፍ ጀጅመንትና ሦስት ሪፊውት ስላለን፣ ሳየርን ማውጣት አያስፈልገንም ባይ ነኝ።

ሰኞ ገበያ (ደሴ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

እኔ ቅዳሜ ስላልተጫወትኩ ካርዶቹን ያየኋቸው ወንድሜ ቤት ይዞ ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄ ይበዛብኛል፤ ታገሡኝ። እስካሁን ማንም ያላነሣው ሄር አፓረንት አለ። በ2 ማና የምትወርድ 2/2 ነጭ ፍጡር ናት። ስትገባ፣ በሜዳሽ ባሉ ሌሎች ሄር አፓረንቶች ቁጥር ልክ 1/1 ጥንቸሎችን ትፈጥራለች። በካርዱ ላይ እንደተጻፈው ከአራት ቅጂ በላይ፣ የፈለጉትን ያህል በአንድ ዴክ ማስገባት ይፈቀዳል። ይህች ካርድ በጦሳ ሥር ሚዛን የት ላይ ትቀመጣለች? ብቻዋን ስትሆን ተራ 2/2 ናት፤ አራት ስትሆን ግን ሌላ ነገር ትሆናለች።

ጦሳ ሥር (ደሴ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እህቴ፣ ጥያቄሽ የሚዛኔን ጉድለት አሳይቶኛል፤ አመሰግናለሁ። አንድን ካርድ ለብቻው ነጥዬ ስመዝን ነበር፤ ሄር አፓረንት ግን ለብቻዋ ልትመዘን አትችልም። ቁጥሩን ላስቀምጠው። በክምራችን አራት አሉ። የመጀመሪያዋ ምንም አትፈጥርም፤ ሁለተኛዋ አንድ፣ ሦስተኛዋ ሁለት፣ አራተኛዋ ሦስት ጥንቸል ትፈጥራለች። አራቱም በተከታታይ ከገቡና ከመካከላቸው የሞተ ከሌለ፣ በ8 ማና አራት 2/2 እና ስድስት 1/1፣ በድምሩ አሥር ፍጡር ይቆማል። ጥንቸሎቹ ስማቸው ሄር አፓረንት ስላልሆነ አይቆጠሩም፤ ይህን ቅዳሜ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ተሳስተን ቆጥረነዋል።

ነገር ግን የመጀመሪያዋ ገና እንደገባች በስታብ ከሞተች፣ ሁለተኛዋ እንደገና እንደ መጀመሪያ ትሆናለች። ስድስት ሰው በሚመርጥበት ድራፍት አራቱም አንድ ሰው እጅ የሚገቡትም ሌሎቻችን ዝም ብለን ካሳለፍናቸው ነው። ስለዚህ የኔ ምክር፣ ሁለተኛዋን ያየ ሰው ሦስተኛዋን አያሳልፍ። ካርዷን ባይፈልጋት እንኳ ይውሰዳት።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

በዚህ ላይ ዳዝሊንግ ኤንጅልን ጨምሩበት። በ3 ማና 2/3 በራሪ ሆና፣ ሌላ ፍጡር በገባልህ ቁጥር 1 ሕይወት ትሰጥሃለች። አራተኛዋ ሄር አፓረንት ከሦስት ጥንቸል ጋር ስትገባ 4 ሕይወት ማለት ነው። ነጭ ኮመኖች አንድ ላይ ሲሆኑ ከሚታሰበው በላይ ይበረታሉ።

የመምህርን ስሌት ቀኑን ሙሉ ሳስበው ነው የዋልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ከተሸነፍኳቸው ሁለት ጨዋታዎች በአንዱ ሳየር ከመጀመሪያው ተራ ጀምሮ እጄ ላይ ነበር፤ አምስት ላንድ ላይ ቆሜ ነው ያለቀብኝ። ይህን ሳልቆጥር ቀርቻለሁ።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ) — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

የሚያሳስበኝ ካርድ ሳየር ሳይሆን ብለድቴርስቲ ኮንከረር ነው፤ እስካሁን ያላነሣችሁትም ሁለቱን ካርዶች አንድ ሰው እጅ ላይ ስላላያችኋቸው ይመስለኛል። ኮንከረር በ5 ማና 5/5 በራሪ ጥቁር ፍጡር ነው፤ የነካውን ፍጡር ይገድላል፤ ተጋጣሚ ሕይወት ባጣ ቁጥርም ለባለቤቱ ያንኑ ያህል ይጨምርለታል። ይህ ብቻውን ከበቂ በላይ ነው። ከኮመኖቹ መካከል ደግሞ ማሮዲንግ ብላይት ፕሪስት አለ። 3 ማና፣ 3/2፤ ባለቤቱ ሕይወት ባገኘ ቁጥር ተጋጣሚው 1 ሕይወት ያጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ተጋጣሚ 1 ሕይወት ሲያጣ ኮንከረር 1 ይሰጥሃል፤ 1 ስታገኝ ፕሪስቱ ከተጋጣሚህ 1 ይወስዳል፤ እሱ ሲያጣ ኮንከረር እንደገና ይሰጥሃል። ተጋጣሚው ዜሮ እስኪደርስ አይቆምም። አንድ ኮንከረርና ሦስት ፕሪስት በክምራችን አሉ። ኮንከረር እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሰኞ ገበያ (ደሴ) — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሐረጎ፣ ይህን ሳነብ ካርዶቹን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸውና ከወንድሜ ጋር ሞከርነው። እንዳልከው ነው፤ አንዴ ከጀመረ ይፈጃል። ነገር ግን ወንድሜ እጅ ላይ ስታብ ነበረ። እኔ ሕይወት አግኝቼ የፕሪስቱ ችሎታ ገና ሳይፈጸም፣ በመካከል ስታብን በፕሪስቱ ላይ ጠራው። ፕሪስቱ ጽናቱ 2 ስለሆነ ሞተ። የተጠራው ችሎታ ተፈጽሞ ወንድሜ አንድ ሕይወት አጣ፤ እኔም በኮንከረር አንድ አገኘሁ፤ ሰንሰለቱ እዚያው ተቆረጠ። ይህ ትክክል ነው ወይስ ሕጉን አጣመምነው?

መምህሩ (ደሴ) — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ልጄ፣ በትክክል ነው የተጫወታችሁት። የተነሣ ችሎታ ያነሣው ፍጡር ቢሞት እንኳ ይፈጸማል፤ አዲስ ግን አይነሣም። በርስት ላይትኒንግም በ1 ማና ያንኑ ይሠራል። እንግዲህ 8 ማና ያስወጣ የሁለት ካርድ ጥምረት በ1 ማና ካርድ ይፈርሳል። ጦሳ ሥር መጀመሪያ ላይ የጻፈው በዚህ ይበልጥ ጸንቶልኛል።

ማስወጣትን በተመለከተ አንድ የቆየ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ2004 መጀመሪያ በወጣው ዳርክስቲል ስብስብ ውስጥ ስከልክላምፕ የሚባል የ1 ማና መሣሪያ ነበር። ለያዘው ፍጡር +1/−1 ይሰጣል፤ ፍጡሩ ሲሞት ባለቤቱ ሁለት ካርድ ይስባል። −1 የሚለውን ያየ ሰው ጉዳት መስሎት ያልፈዋል። በዝግጅቱ መጨረሻ ላይ የተለወጠ በመሆኑ አዘጋጆቹም በቂ ሙከራ አላደረጉበትም። ከወጣ በወራት ውስጥ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከስታንዳርድ ታገደ። ያስፈራ የነበረው ትልቅነቱ አልነበረም፤ ርካሽነቱ ነው። ለመጥራት 1 ማና፣ ለማስያዝ 1 ማና፤ 1/1 የሆነች ፍጡር ሁሉ ወዲያው ሞታ ሁለት ካርድ ትሆንለታለች፤ ተጋጣሚ ቢገድላትም ያው ሁለት ካርድ ነው። በእኛ ክምር እንዲህ ያለ፣ ማስወገጃ የማይመልሰው ርካሽ ካርድ አላየሁም። ኮንከረርም ሳየርም መልስ ያላቸው ካርዶች ስለሆኑ ይቆዩ እላለሁ።

ጦሳ ሥር (ደሴ) — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡25

በመምህር ሐሳብ እስማማለሁ፤ ምንም ካርድ አናወጣም። ይልቁን ዛሬ ማታ ክምሩን ስቆጥር መልስ የሚሆኑት ካርዶች በቂ መሆናቸውን አረጋገጥኩ። በርስት ላይትኒንግ አራት፣ ስታብ አምስት፣ ኢትን አላይቭ ሦስት፣ ሪፊውት ሦስት፣ እንዲሁም ባይት ዳውን አራት አሉ። ባይት ዳውን በ2 ማና የራስህን ፍጡር ኃይል ያህል ጉዳት በተጋጣሚ ፍጡር ላይ ያደርሳል፤ ትልልቅ ፍጡር ላለው አረንጓዴ ዴክ ከስታብ ይሻላል፤ ሜዳው ባዶ ለሆነ ሰው ግን ምንም አይሠራም። በድምሩ 19 ነው። ስድስት ሰው 45፣ 45 ካርድ ሲመርጥ 270 ካርድ ስለሚያስፈልግና ክምሩ ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ ከቁጥሩ በላይ ያሉት በዕጣ ሲቀነሱ እነዚህ 19ኙ እንዳይነኩ እጠይቃለሁ።

ደረጃዬንም አስተካክያለሁ። በርስት ላይትኒንግ አንደኛነቱን አይለቅም። ስታብ ከኢትን አላይቭ በላይ ይቆያል፤ የፕሪስቱ ነገር አሳምኖኛል፤ ኢትን አላይቭ በራስ ተራ ብቻ የሚጠራ ስለሆነ ሰንሰለቱን በመካከል ሊቆርጥ አይችልም። ከእነሱ ቀጥሎ ኮንከረርን አስቀምጣለሁ፤ 5 ማና ከ7 ማና በጣም ይቀርባል፤ ሳየር ከእሱ በኋላ ይመጣል። ሄር አፓረንት የመጀመሪያዋ ከመካከለኞቹ ጋር ናት፤ ሁለተኛዋን የያዘ ሰው ግን ሦስተኛዋን ከኮንከረር ጋር እኩል ይቁጠራት።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ) — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

ሳየር ከኮንከረር በታች መሆኑን ገና አልተቀበልኩም። ቅዳሜ በመጀመሪያው ፓኬቴ ሁለቱን አንድ ላይ ካገኘሁ ሳየርን ነው የምወስደው፤ ላንዴንም 18 አደርገዋለሁ። ከኮምቦልቻ ጠዋት 2፡00 ላይ እንነሣለን፤ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ከሌለ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፒያሳ እንደርሳለን። የፕላስቲክ ሽፋን ያነሰው ሰው ካለ ዛሬውኑ ይጻፍልኝ፤ ሁለት ጥቅል ተርፎኛል። በተለይ ፕሪስቶቹ ያለ ሽፋን ስለሆኑ ጠርዛቸው መነጣ ጀምሯል፤ ሲበወዙ ተለይተው እንዳይታወቁ ከጨዋታው በፊት ይሸፈኑ።

ሰኞ ገበያ (ደሴ) — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

ፕሪስቶቹ እኛ ቤት ናቸው። አንድ ጥቅል ይበቃናል፤ ቅዳሜ ቀደም ብለን መጥተን አብረን እንሸፍናቸዋለን።